የመሪጌታ ሐብተ ማርያም ነጭ መኪና

አስናቀው ነጭ መኪና አይወድም። ከአዘዞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር ባቆማት የቆርቆሮ ዳስ ግንባር ላይ «አስናቀው ፖሊሽ፦ ነጭ መኪና በልዩ ጥንቃቄ» ብሎ ያጻፈው ግን ራሱ ነው። ምን ያድርግ? የጎንደር ሰው መኪና ሲገዛ ተማክሮ የወጣ ይመስል ነጭ ነው የሚገዛው። ለሠርግ ነጭ፣ ለመሥሪያ ቤት ነጭ፣ ለለቅሶም ያው ነጭ። ገዝቶ ሲያበቃ አቧራ ለአቧራ ሲነዳው ይከርምና አንድ ቀን ብድግ ብሎ «መኪናዬ ምነው በርበሬ መሰለ?» እያለ ይመጣል።

ጥቁር መኪና ደግ ነው፤ ኃጢአቱን ይናዘዛል። ጭረቱ ከሩቅ ይታያል፤ ሲታሽ መጥፋቱም ይታያል። ባለቤቱ መጥቶ ፊቱን ያይበታል፣ ጢሙን ያስተካክልበታል፣ አመስግኖ ይሄዳል። ነጭ ግን ድብቅ ነው። የባሕር ዛፉን ሙጫ፣ የአስፋልቱን ሬንጅ፣ ከፍሬን የሚረግፈውን የብረት ብናኝ ሁሉ ይውጥና ዝም ይላል። አስናቀው ቀኑን ሙሉ ሲያሸው ውሎ ወገቡን ይዞ ቀና ሲል፣ ባለቤቱ መኪናውን ሁለቴ ይዞርና «አጠብከው?» ይለዋል።

ስለዚህ አስናቀው ነጭ መኪና ላይ ዐይኑን አያምንም። ስስ ፌስታል እጁ ላይ አጥልቆ ቆርቆሮውን በጣቱ ጫፍ ይዳብሳል። ለባዶ እጅ የማይሰማው ነገር ሁሉ በፌስታሉ በኩል እንደ አሸዋ ይሻክራል። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ አንድ ቀን ዳቦ የመጣበትን ፌስታል ከእጁ ሳያወልቅ መኪና ነክቶ ነው ያገኘው።

ለከተራ አምስት ቀን ሲቀር፣ ረፋዱ ላይ፣ አንዲት ነጭ ኮሮላ ከመንገዱ ወጥታ ዳሱ ፊት ቆመች። ሹፌሩ ዳኛው የሚባል የአይከል ሰው ነው፤ ሞተሩን ሲያጠፋ አፉ አብሮ አይጠፋም። ከኋላ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። አስናቀው ሲያያቸው የያዘው ስፖንጅ ከእጁ ወደቀ። አነሣው። እንደገና ወደቀ። ተወው።

ሽማግሌው መሪጌታ ሐብተ ማርያም ነበሩ። አርባ ዓመት ዜማ አስተምረዋል፤ ከእጃቸው የወጣው ሰው የጎንደርን አድባራት ሞልቶ ተርፏል። አሁን ዐይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ ሌላውን ለእግዜር ትተውታል።

«አያ አስናቀው» አለ ዳኛው «ይቺን ተማሪዎቻቸው አዋጥተው ነው የገዙላቸው። የከተራ ዕለት ታቦቱን ተከትለው እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ይሄዱባታል። እስከ አምና በእግራቸው ነበር፣ ዘንድሮ ጉልበታቸው እምቢ አለ። አሮጌ ናት፣ ግን ሸጋ ናት። እስቲ እንደ አዲስ አድርጋት።»

«እሺ» አለ አስናቀው በወፍራም ድምፅ። ድምፁ የራሱ አልነበረም፤ ከደረቱ ሥር ቆፍሮ ያወጣው ነው።

ዳኛው ትክ ብሎ አየው። «ጉንፋን ያዘህ እንዴ?»

«አዎ።»

ጉንፋን አልያዘውም። ነገሩ እንዲህ ነው። አስናቀው ከመኪና በፊት የዜማ ተማሪ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቱ ከድብ ባሕር ተነሥቶ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ጉባኤ ገባ፤ ያን ጊዜ የሚጠራው በክርስትና ስሙ፣ ኪዳነ ማርያም ተብሎ ነው። ጆሮው አንዴ የገባውን አያስወጣም። ምኞቱም አንድ ብቻ ነበር፦ የኔታ «ይበል!» እንዲሉት። የኔታ «ይበል» ማለት አይቀናቸውም። ደህና ለዘለቀ ተማሪ «እህ» ይላሉ፤ በጣም ደህና ለዘለቀ ዝም ይላሉ፤ ለተሳሳተ ደግሞ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «ከመጀመሪያው» ይላሉ። ያችን «ይበል» አንዴ የሰማ ተማሪ ለወላጆቹ ደብዳቤ ይጽፋል።

የዚያን ዓመት የጥምቀትን ዜማ ሲያስጠኑ የኔታ ሳል ይዟቸው ነበር። አንዲት ረጅም መስመር አለች። ድምፁ ሽቅብ ይወጣ ይወጣና ጫፉ ላይ ትንሽ ያርፋል። እዚያች ማረፊያ ላይ ሲደርሱ የኔታ ሁልጊዜ ይስላሉ፤ ሁለት ጊዜ፣ አጠር አድርገው። ኪዳነ ማርያም የሰማውን አጠና። የዜማ ምልክት ስምንት መሆኑን ያውቃል፤ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያለ በእንቅልፉም ይቆጥራቸዋል። ይቺ ግን ለደረሱበት ብቻ የምትገለጥ ምሥጢር ትሆናለች ብሎ ያዛት። አንድ ወር ሙሉ ወንዝ እየወረደ አሳመራት።

ለከተራ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ካህናትና ደብተራዎች ለዝግጅት በተሰበሰቡበት፣ የኔታ «ኪዳነ ማርያም፣ አንተ አሰማ» አሉት። ቆመ። ድምፁን ሽቅብ ወሰደው፤ ጫፉ ላይ አሳረፈው፤ ከዚያም በሙሉ ክብር፣ ልኩን ሳያጎድል «እህም፣ እህም» ብሎ ሳለ። ቅኔ ማሕሌቱ በሳቅ ፈነዳ። ደብተራዎቹ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳቁ። ይባስ ብሎ የኔታ ሳቁ፤ በዘመናቸው ጥርሳቸው ታይቶ የማይታወቀው ሰው ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ማታውኑ ስሙ «ዘጠነኛው ምልክት» ሆነ። ጎሕ ሳይቀድ ኪዳነ ማርያም ከጎንደር ጠፋ።

ይህ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ ቀለም ሲቀባ ኖሮ፣ ሚስት አግብቶ፣ ጢም አብቅሎ፣ በዓለም ስሙ አስናቀው ተብሎ አዘዞ የገባ ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። የኔታ ያሉበትን ሰፈር በሩቁ ይዞረዋል። ሰው ቤት ገብቶ ሳል ሲመጣበት ደጅ ወጥቶ ይስላል፤ ሚስቱ ሐረገወይን ይህን ጨዋነት ነው ብላ ትወድለታለች።

እና አሁንም የሚፈልገው ያችኑ ቃል ነበር። አፍሮ ያልተናገረው፣ ግን በየነጩ መኪና ላይ ጎንበስ ባለ ቁጥር የሚመኘው እሱን ነው። ዜማው እንኳ ቢቀር፣ በዚህች ኮሮላ «ይበል» ቢሉት፤ ማን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ለሥራው ብለው ቢሉት። ድምፁን ያወፈረው ለዚህ ነው።

ዳኛው በርጩማ አውጥቶ የኔታን ከዳሱ ጥላ አስቀመጣቸው። አስናቀው መኪናዋን በሳሙና ውሃ አጠበ። ኮፈኑ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ አጠገብ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ። ሁለት የተሻገሩ መስመሮች፣ የደረቁ፣ ከነጩ ቀለም ትንሽ ደብዘዝ ያሉ። መስቀል። ነገሩ ወዲያው ገባው። አዲስ መኪና ሲገዛ ደብር ተወስዶ ጠበል ይረጫል፣ እምነት ይቀባል፤ ይህማ የየኔታ እጅ ነው። ከንፈሩን በጣቱ ነክቶ ተሳለመና፣ መስቀሉን ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር አጥሮ ወደ ሌላው አለፈ።

ሊጥ በመሰለች ሰማያዊ ማጽጃ ቆርቆሮውን እያሸ ሬንጁንና ብናኙን ለቀመ። የበሮቹን ጠርዝ ሸፈነ፤ ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ስለሆነ ማሽን ከነካው ተበልቶ ይቀራል። ከዚያ ፖሊሹን የማሽኑ ስፖንጅ ላይ ጠብ አድርጎ አስነሣው። የኔታ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ይህ ምንድነው?»

«ማሽን ነው አባ» አለ አስናቀው በወፍራሙ።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ይዞራል።»

«ይላል እንጂ» አሉ የኔታ።

ብዙም ሳይቆይ መቋሚያው መሬት መታ። «እዚያ ላይ ቸኮልክ።»

አስናቀው ማሽኑን አጠፋ። የስልኩን መብራት አብርቶ ከላይ አየ፣ ከታች አየ። ነጭ ነው፤ ምንም የለም። ጉንጩ ከኮፈኑ ሊገናኝ ትንሽ እስኪቀረው ጎንበስ ሲል ግን እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ፣ ክብ ክብ ጭረት አየ። ቸኩሏል።

«በምን አወቁ?»

«ድምፁ ቀጠነ። መጫኑን ትተህ ሄድክ።» ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ከመጀመሪያው።»

ያችን ቃል ሲሰማ አስናቀው እንደ ዜማ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የንግድ ፈቃድ አለው፤ ግን ቆመ። ከመጀመሪያው ጀመረ።

እንዲህ ሆኖ ዋለ። የግራውን የፊት በር ሦስት ጊዜ አስደገሙት። የኋላው በር ላይ «በግዕዝ ዜማ ጀምረህ ወደ ዕዝል ገባህ፣ ምነው?» አሉት፤ አስናቀው አንገቱን ደፍቶ ሲያይ እውነትም መካከሉ ላይ ማሽኑን አዘንብሎት ኖሯል። ትንሽ ቆይቶ የዳኛው ትዕግሥት አለቀ።

«የኔታ፣ እኔ ደህና አርጌ ባጥባት አይሻልም ነበር?»

«አንተ ስታጥብ ሰምቼሃለሁ» አሉት።

እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ። ማሽኑ ተንሰቅስቆ ቆመ፤ ከመንገዱ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ቀረ። የኔታ ትንሽ አዳመጡ።

«አሁን ደህና ነው» አሉ።

መብራት ሲመለስ አስናቀው ጣሪያውን ያዘ። ወገቡ ተቆርጧል፣ ክንዱ ዝሏል፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ግን አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ድምፁን መስማት ጀምሮ ነበር። ስፖንጁ ቆርቆሮውን ደህና ሲጨብጥ ማሽኑ ዝቅ ብሎ ይጎረንናል፤ ሲሳሳ ይጮኻል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሠራበት ይህን አልሰማም ነበር። ራሱን ረስቶ ያንን ጉርምርምታ እየተከተለ ሳለ ከጥላው ሥር ድምፅ መጣ።

«ኪዳነ ማርያም፣ ክንድህን ዝቅ አድርግ።»

«አቤት የኔታ» አለ አስናቀው። ዝቅ አደረገ። የተናገረው በራሱ ድምፅ መሆኑ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ማሽኑን አጠፋው። ዳኛው አንዴ ይህን አንዴ ያንን አየ። «ኪዳነ ማርያም ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁኝ?» አለ አስናቀው።

«‹እሺ› ስትል። ብታወፍረውም ‹እሺ› የምትለው ትንፋሽ ስበህ ነው፤ ልጅም ሆነህ እንደዚያው ነበርክ። ጨርሳት፣ መሸብን።»

አስናቀው ጨረሰ። ሰሙን ቀባ፣ በንጹሕ ጨርቅ አነሣው። ሳያውቁት «ይበል» ይላሉ የሚለው ተስፋው ከነወፍራም ድምፁ ወድቋል፤ አሁን የሚፈርዱት በኪዳነ ማርያም ላይ ነው።

«አሳየኝ» ብለው የኔታ ተነሡ። በዐይናቸው ሊያዩት አይደለም። አርባ ዓመት ብራና የገለጠ ጣታቸውን ጣሪያው ላይ አሳረፉና ቀስ ብለው ሄዱበት። በሮቹን ዳበሱ። የኋላውን ክዳን ዳበሱ። አንድም ቦታ አልቆሙም፤ አንድም ቦታ «ከመጀመሪያው» አላሉም። አስናቀው ጨርቁን ይዞ ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል። ኮፈኑ ላይ ደረሱ። ጣታቸው ከመስታወቱ አጠገብ ቆመ።

«ይህን ምነው ተውከው?»

«መስቀሉን ነው የኔታ። እምነቱን። እርስዎ የቀቡትን እንዴት እደፍራለሁ ብዬ ነው።»

«እኔ መች ቀባሁ? መኪናዋን ገና ዛሬ መንካቴ ነው።»

ሁለቱም ወደ ዳኛው ዞሩ። ዳኛው ጫማውን አየ።

«ኖራ ነው» አለ።

«ምን?»

«ኖራ። ለጥምቀት ብለን የደብሩን አጥር ስንቀባ ብሩሹን የማስቀምጥበት አጣሁ። ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ።» ከዚያም ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አያ አስናቀው፣ ጠዋት ስትሳለመው አይቼህ እኮ ምን ሆነ ብዬ ነበር!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

ያ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የሚያውቀው ትኩሳት ከአንገቱ ተነሥቶ የአስናቀውን ጆሮ ሞላው። ያኔ ሳልን ዜማ አደረገ፤ ዛሬ ኖራን እምነት አደረገ። መኪናዋ ባትኖር እግሩ እስኪነቃ ይሮጥ ነበር። የየኔታን ሳቅ ጠበቀ።

የኔታ አልሳቁም። «አንተ ዝም በል» አሉት ዳኛውን። ከዚያ ኮፈኑን ተደግፈው ቆሙ።

«ያን ቀን ስቄብሃለሁ» አሉ።

«የቆየ ነገር ነው የኔታ።»

«አልጨረስሁም። ስቄ ገብቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ፤ ያቺ ‹እህም፣ እህም› ያልካት ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። እኔ ስስላት አልሰማኋትም ነበር፤ ሰው የገዛ ሳሉን የት ይሰማል? ከአንተ አፍ ስሰማት ግን አወቅኋት። የወንድሜ ሳል ናት። እንደዚያው፣ ሁለት ጊዜ፣ አጠር አርጎ። ወንድሜ በሳንባ ነው የሞተ።»

ዳኛው ሳቁን አቋረጠ።

«በሳምንቱ ሐኪም ቤት ሄድሁ። ሳንባህን ነው፣ ትንሽ ብትቆይ አትተርፍም ነበር አሉኝ። ስምንት ወር መድኃኒት ዋጥሁ። ያን ዓመት ጉባኤዬ ውስጥ ሠላሳ ተማሪ ነበር፤ ሁሉም ሳሌን እየዘለሉ ዜማውን ያዙ። ሳይዘል የሰማኝ አንተ ነህ። ልነግርህ ጠዋቱን ባስጠራህ የለህም። ድብ ባሕር ድረስ ሰው ሰደድሁ፤ እናትህም አላዩህም። በአንተ ላይ መሳቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይቅር በለኝ ልጄ።»

አስናቀው «ይፍቱኝ» ሊል ፈልጎ «ኖራውን ላንሣው» አለ።

በሆምጣጤ አርሶ ኖራውን አነሣው፤ አሸው፤ አጠበው። የኔታ ዳበሱት። «አሁንም አለ» አሉ። አስናቀው ፌስታሉን አጥልቆ ዳበሰ። አለ። ኖራው ቀለሙን ትንሽ በልቶታል፤ ለዐይን የማይታይ፣ ለጣት ብቻ የሚሰማ መስቀል ነጩ ላይ ቀርቷል።

«ብጫነው ይጠፋል» አለ። «ግን ቀለሙ ስስ ነው፣ አብሮ ይሄዳል። ብተወው ነው የሚሻለው የኔታ። ትክክል አይደለም፣ ግን ብተወው ነው የሚሻለው።»

የኔታ በርጩማቸውን ፈልገው ተቀመጡ፤ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሃል አቆሙ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«እስቲ ያችን መስመር አሰማኝ።»

«የትኛዋን?»

«ታውቃታለህ።»

አስናቀው ስፖንጁን አስቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፉ ያላወጣትን መስመር ጀመረ፤ መጀመሪያ ሻከረችበት፣ ከዚያ መንገዷን አገኘች። ድምፁ ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ አረፈ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ቀጠለ።

መቋሚያው መሬት መታ።

«የት አለ?» አሉ የኔታ።

«ምኑ የኔታ?»

«ሳሉ።»

«የኔታ፣ እሱማ...»

«ከመጀመሪያው።»

ከመጀመሪያው ጀመረ። ሽቅብ ወጣ፤ ጫፉ ላይ አረፈ፤ ከዚያም በአዘዞ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ በሙሉ ክብር፣ ልኩን ሳያጎድል «እህም፣ እህም» ብሎ ሳለ። ያልፍ የነበረ ባለ ባጃጅ ዞሮ አየው። አስናቀው መስመሯን እስከ ዳር አደረሳት።

«ይበል» አሉ የኔታ።

አስናቀው አለቀሰ። እንባው ኮፈኑ ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ ነጭ ቀለም ላይ ውሃ ሲደርቅ ምልክት ይተዋልና ቶሎ ብሎ በጨርቅ ወለወለው።